የካናዳን የሕገ መንግሥት ክርክር አንቀጹን ይዞ መከታተል

ሞንትሪያል ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዋ የካናዳ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር) ኩቤክ ዜና ላይ በተነሳች ቁጥር «ጋሼ፣ አገሪቱ ልትከፈል ነው እንዴ?» ይሉኛል። እኔም መልሼ «የትኛው አንቀጽ ነው የተነሳው?» እላቸዋለሁ። ወገን ከመምረጥ በፊት አንቀጹን መያዝ ይቀድማል።

ደብተራችሁን ለሁለት ክፈሉ። በአንድ በኩል የ1867ቱን (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የካናዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 ጻፉ፦ መከላከያ፣ ባንክ፣ የወንጀል ሕግ የፌዴራሉ ናቸው። በሌላው በኩል 92ንና 93ን፦ ሆስፒታልና ትምህርት የፕሮቪንሱ ናቸው። አሁን «ቋንቋ» የሚለውን ፈልጉ። በሁለቱም የሥልጣን ዝርዝር ውስጥ የለም። እያንዳንዱ መንግሥት በየሥልጣኑ ክልል ስለ ቋንቋ ይደነግጋል። የ1969ኙ የቋንቋ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሲመለከት፣ የ1977ቱ የኩቤክ ሕግ የሱቅ ታፔላና ትምህርት ቤት ድረስ የገባው ለዚህ ነው። እንግሊዝኛንም ፈረንሳይኛንም በሕገ መንግሥት ይፋዊ ያደረገ ፕሮቪንስ ኒው ብራንስዊክ ብቻ ነው።

ቀጥሎ አንቀጽ 33 መጠቀሱን እዩ። በ1982 ከመብቶች ቻርተር ጋር የመጣው ይህ አንቀጽ፣ አንድ የፌዴራል ወይም የፕሮቪንስ ምክር ቤት ከቻርተሩ አንዳንድ መብቶች በላይ የሚውል ሕግ እንዲያወጣ ይፈቅዳል፤ አምስት ዓመት ሲሞላው ካልታደሰ ይወድቃል። ኩቤክ በ2019ኙ የሃይማኖት ምልክቶች ሕግና በ2022ቱ የቋንቋ ሕግ ተጠቅማበታለች። ግን የመምረጥን መብትም ሆነ የአናሳ ቋንቋ ትምህርትን የሚጠብቀውን የቻርተሩን አንቀጽ 23 አይነካም። አንዲት እናት «ልጄን መንግሥት እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ላስገባው?» ስትለኝ አብረን የገለጥነው 23ን ነበር። ኩቤክ ውስጥ መብቱ በዋናነት የካናዳ ዜጋ ሆኖ አንደኛ ደረጃን እዚሁ አገር በእንግሊዝኛ ለተማረ ወላጅ ነው። እሷ ደግሞ የተማረችው ጎንደር ነው። ልጁ ፈረንሳይኛ ገባ።

ከኩቤክ ሰው ጋር ስትወያዩ በኅዳር 1981 የሆነውን እንዳትዘሉ። በ1982 በጸናው የሕገ መንግሥት ለውጥ ላይ ዘጠኙ ፕሮቪንሶች ከፌዴራሉ ጋር ሲስማሙ ኩቤክ አልተስማማችም፤ ሕገ መንግሥቱ ግን ያስገድዳታል። ይህን ለማስታረቅ የተሞከረው የሚች ሌክ ስምምነት በ1990፣ የሻርለትታውኑ በ1992 ከሸፉ። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ አክብራችሁ ስሙት።

መገንጠል ከተነሳ የ1995ቱን የኩቤክ ሕዝበ ውሳኔ ጥያቄ በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ። ኩቤክ «ሉዓላዊ» ትሁን ይላል፤ አስቀድማ ግን ለካናዳ አዲስ የኢኮኖሚና የፖለቲካ አጋርነት ታቀርባለች፤ ከዚያ ወደ አንድ ረቂቅ ሕግና ሰኔ 12 ወደተፈረመ ስምምነት ይመራል። «አይ» ያሸነፈው በ54,288 ድምፅ፣ 50.58 በመቶ ሆኖ ነው። ያቺው እናት «አጋርነት» የሚለው ስር አስምራ «ካናዳ እምቢ ብትልስ?» አለች። ከዚያ በኋላ የ1998ቱን የጠቅላይ ፍርድ ቤት አስተያየት አወጣን፦ ኩቤክ በራሷ ብቻ መገንጠል አትችልም፤ ግልጽ ጥያቄ በግልጽ ብልጫ ከተመለሰ ግን የቀረው ካናዳ የመደራደር ግዴታ አለበት። «ግልጽ ብልጫ» ስንት በመቶ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ቁጥር አላስቀመጠም። የ2000ውም የፌዴራል ሕግ ውሳኔውን ለተወካዮች ምክር ቤት ሰጠ እንጂ ቁጥር አልጻፈም።