ለጓሮ የሚሆኑ ያልተለመዱ ቋሚ ተክሎችን እንዴት እንምረጥ?

በየዓመቱ መቆፈር፣ መዝራት፣ ችግኝ ማዛወር፤ ከዚያ ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ከዜሮ መጀመር። ብዙ ዓመት እንዲህ ስለፋ ቆይቼ ነው ወደ ቋሚ ተክሎች የዞርኩት። ቋሚ ተክል አንዴ ሥር ከያዘ ይቆያል። ለጋ ቡቃያው የሚበላው አስፓራገስ በደንብ ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያበላል። የርግብ አተር ከ3 እስከ 5 ዓመት ይኖራል። ጠጅ ሳር ደግሞ ሲያረጅ ከፋፍላችሁ ብትተክሉት እንደ አዲስ ይነሳል።

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሰላጣ ዘርታችሁ ባትወዱት በሁለት ወር ውስጥ ነገሩ ያበቃል። ቋሚ ተክል ላይ ከተሳሳታችሁ ግን ወይ የማትበሉትን ነገር ለዓመታት ታጠጣላችሁ፣ ወይ ለዓመታት ስትነቅሉ ትኖራላችሁ። እኔ ላይ ሁለቱም ደርሷል። ለዚህ ነው ስለ አተካከሉ ጥቂት፣ ስለ ምርጫው ብዙ የምጽፈው።

1. ከወጥ ቤታችሁ ተነሱ

መጀመሪያ ላይ የምመርጠው ፎቶ እያየሁ ነበር። ቅጠሉ ያማረ፣ ስሙ ለጆሮ አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ ያጓጓኝ ነበር። ከተከልኳቸው ውስጥ ቤታችን በቋሚነት የበላው ሁለቱን ብቻ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወረቀት ላይ የምጽፈው ዘወትር የምንበላውንና የሚያስፈልገንን ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቋሚ የሆነ አቻ እፈልጋለሁ። የሚቀቀል ቅጠል የምትወዱ ከሆነ ሽፈራው ወይም ቻያ አለላችሁ። ዱባ ነክ ነገር የሚወድ ሰው ቻዮቴን ይይ፤ ፍሬውም ለጋ ቅጠሉም ይበላል። ድንች መሰል ነገር ከፈለጋችሁ ጎደሬ ወይም ጀሩሳሌም አርቲቾክ አለ። የግድ የሚበላ መሆንም የለበትም። ለጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩን ለመሸፈን የሚሆን ቅጠል፣ ለመደገፊያ የሚሆን እንጨት፣ አፈር የሚይዝ ሥር፣ ሁሉም ጥቅም ነው። ቬቲቨር የሚባለው ሳር ለምሳሌ ሥሩ ቁልቁል 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚወርድ ተዳፋት ላይ አፈር እንዳይሸረሸር ይይዛል።

ከተቻለ ሳትተክሉ ቅመሱ። ይህን የምለው በተለይ ስለ ጀሩሳሌም አርቲቾክ ነው። ጣዕሙ ደስ ይላል፣ ምርቱም ይትረፈረፋል። ነገር ግን ውስጡ ያለውን ኢኑሊን የሚባል የካርቦሃይድሬት ዓይነት ሆዳችን መፍጨት ስለማይችል ብዙ ሰው ላይ ከባድ የሆድ መነፋት ያመጣል። አንድ ሰሃን በልቶ አዳሩን ማየት፣ አንድ መደብ ሙሉ ተክሎ ከመጸጸት ይሻላል።

2. ትክክለኛውን ስም ያዙ

የተለመደ ስም ብቻ ይዛችሁ ችግኝ አትግዙ። "በለስ" ብትሉ አንዱ ቁልቋል ላይ የሚወጣውን እሾሃማ ፍሬ ይሰጣችኋል፣ ሌላው ደግሞ ሰፊ ቅጠል ያለውን ዛፍ። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። "እንጆሪ" ብትሉም እንዲሁ ነው፤ መሬት ላይ የሚሳበውም ዛፍ ላይ የሚወጣውም በዚህ ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ። ጀሩሳሌም አርቲቾክ ራሱ ከኢየሩሳሌም አልመጣም፣ አርቲቾክም አይደለም። የሱፍ አበባ ዘመድ ነው፤ የትውልድ ቦታውም ሰሜን አሜሪካ ነው።

መፍትሔው የላቲን ስሙን መያዝ ነው። የዛፉ በለስ ፊከስ ካሪካ ነው፣ የቁልቋሉ ኦፑንሺያ ፊከስ ኢንዲካ። ሁለቱንም የስም ክፍሎች ጻፉ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ብቻ አይበቃም። ሽፈራው የምንላቸው ሞሪንጋ ኦሊፌራ እና ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ የተለያዩ ዛፎች ናቸው።

በፎቶ ተክል እንለያለን ስለሚሉ የስልክ አፖች አንድ ነገር ልበል። ለመነሻ ይጠቅማሉ፣ እኔም እጠቀማቸዋለሁ። አፕ ስለነገራችሁ ብቻ ግን ምንም ነገር አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ። የሚሰጣችሁ ግምት ነው።

3. አየሩን፣ ብርሃኑንና አፈሩን አንድ ላይ እዩ

ዋናው ጥያቄ በዓመቱ ውስጥ በጣም ቀዝቃዛው ሌሊት ምን ያህል ይደርሳል የሚለው ነው። ውርጭ ካለ ሽፈራው፣ ቻያ እና ጠጅ ሳር ሜዳ ላይ አይችሉትም። ቅዝቃዜ የሚፈልጉም አሉ። አገዳው የሚበላው ሩባርብ የቅዝቃዜ እረፍት ይወዳል፤ ሙቀት በማይለቀው ቦታ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ "ጠንካራ ተክል ነው" ሲሏችሁ "ለብርዱ ነው ወይስ ለሙቀቱ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ብርሃኑን ለማወቅ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት እና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ የግቢውን ፎቶ አንሱ። ጥላው የት እንደሚያርፍ በአንድ ቀን ታውቃላችሁ። አፈሩን በተመለከተ አብዛኞቹ ውሃ ብዙም የማያቁር መሬት ይበቃቸዋል። ብሉቤሪ ግን የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነ አሲዳማ አፈር ካላገኘ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይሞታል። አፈሩን ከምትቀይሩ ተክሉን ብትቀይሩ ይቀላል።

4. እንዴት እንደሚስፋፋ ሳታውቁ አትትከሉ

እዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ፤ በጣም የተጎዳሁበት ቦታ ነው።

ኮምፍሪ የሚባል ተክል ገዝቼ ነበር። ቅጠሉ ለጉዝጓዝና ለፈሳሽ ማዳበሪያ በጣም ጥሩ ነው። ሻጩ "ይሄ ዘር አያፈራም፣ አትስጉ" አለኝ። ውሸት አልነበረም። ቦኪንግ 14 የሚባለው ዓይነት ነበር። ላውረንስ ሂልስ የተባለ እንግሊዛዊ የአትክልት ሰው በ1950ዎቹ ቦኪንግ በምትባል መንደር ከመረጣቸው አንዱ ሲሆን፣ የሚበቅል ዘር አይሰጥም። እኔ ግን "ዘር አያፈራም" ሲሉኝ "አይራባም" ብዬ ተረዳሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቦታውን ለሌላ ነገር ፈለግኩትና በዶማ ቆፍሬ አወጣሁት። ዶማው ሥሩን ቆራረጠው። እኔም አፈሩን ከዳር እስከ ዳር ገለበጥኩት። በሚቀጥለው ወቅት ከአንድ ተክል ፈንታ መደቡ በሙሉ ኮምፍሪ ሆነ። የጣት ጥፍር የምታክል የሥር ቁራጭ ሁሉ በቅላለች። ስነቅለው ይቆረጣል፣ የቀረው ተመልሶ ይወጣል። በስተመጨረሻ ያሸነፍኩት በወፍራም ካርቶን ሸፍኜ፣ በጎን ያመለጠውን በየሳምንቱ እየቆረጥኩ ነው። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ተክል በአራት መንገድ እመዝነዋለሁ።

አንዱ ዓይነት ቦታው ላይ ተቀምጦ እየወፈረ የሚሄድ ነው። ጠጅ ሳር፣ ሩባርብ፣ አስፓራገስ፣ ቬቲቨር እንዲህ ናቸው። ለጀማሪ የምመክረው እነዚህን ነው።

ሁለተኛው ከመሬት በታች የሚሄድ ነው። ናና እና ሯጭ ቀርከሃ ዋነኞቹ ናቸው። ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ያድጋል፣ ሌላው ይሮጣል። ሯጩን ለማገድ 60 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ዙሪያውን መቅበር ያስፈልጋል፣ በየዓመቱም ጠርዙን መፈተሽ አለባችሁ። በእኔ አስተያየት ለቤት ግቢ ይህ ሁሉ ጣጣ አያዋጣም። ተሰብሳቢውን ውሰዱ።

ሦስተኛው እንደ ኮምፍሪ ከተረፈ ቁራጭ የሚነሳ ነው። ጀሩሳሌም አርቲቾክም እንዲሁ ነው፤ ስትለቅሙ የረሳችሁት አንድ ፍሬ በሚቀጥለው ዓመት 2 ወይም 3 ሜትር ቁመት ይዞ ይመጣል። እነዚህን መትከል የሚገባው ለዘለቄታው የእነሱ በሚሆን ቦታ ብቻ ነው። ስትቆፍሩም ዶማ አትንኩ። ባለ ጥርስ የመቆፈሪያ ሹካ ሥሩን ሳይቆርጥ ያነሳዋል። ለቋሚ ተክል ገንዘብ አውጥታችሁ የምትገዙት አንድ መሣሪያ ቢኖር እሱ ይሁን።

አራተኛው በወፍ የሚበተን ነው። የአስፓራገስ ቀይ ፍሬ፣ ፓሽን ፍሩት፣ የዛፍ እንጆሪ። የአስፓራገሱ ቀይ ፍሬ ለሰው መርዛማ ስለሆነ ልጆች ካሉ ልብ በሉ።

ችግኝ መሸጫ ቦታ ላይ የምትሠሩት ፈተና አለ። አስፈቅዳችሁ ችግኙን ከነአፈሩ ከማሰሮው አውጡና ታቹን እዩ። ከማሰሮው ጠርዝ ጋር ተጠግቶ አግድም የሚዞር፣ ወፈር ያለ፣ ጫፉ የሾለ ነጭ ነገር ካያችሁ ያ ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ ነው። መሬት ሲያገኝ ይሮጣል። ለሻጩም "ዘር ያፈራል?" ብቻ ሳይሆን "ከሦስት ዓመት በኋላ የት ይደርሳል?" በሉት። በአገራችሁ ወራሪ ተብለው የተመዘገቡ ተክሎች ዝርዝር ካለም እዩት። ከግቢያችሁ ካመለጠ የሚጎዳው የእናንተ አትክልት ብቻ አይደለም።

ናና የግድ የምትሉ ከሆነ ታቹ የተቆረጠ ባልዲ ቅበሩለት። የባልዲው አፍ ግን ከአፈሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቅር። ከአፈር እኩል ካደረጋችሁት በላዩ ተንጠላጥሎ ይወጣል።

5. የቱ ክፍል፣ እንዴት ተሠርቶ እንደሚበላ ጻፉ

"የሚበላ ተክል" ማለት ሁሉ ነገሩ ይበላል ማለት አይደለም። የሩባርብ አገዳው ይበላል፣ ቅጠሉ መርዝ ነው። ቻያ ጥሬውን አይበላም፣ ምክንያቱም ወደ ሳያናይድ የሚለወጥ ንጥረ ነገር አለው፤ ክዳኑን ከፍቶ 20 ደቂቃ ያህል መቀቀል ያስፈልጋል፣ በአሉሚኒየም ድስት ግን አይሆንም። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ውስጡ ያሉት መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አፍና ጉሮሮ ይወጋሉ። ለጋ የቀርከሃ ቡቃያም ይቀቀላል።

ኮምፍሪን አትብሉት፣ ሻይም አታድርጉት። ጉበትን የሚጎዱ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ ነገሮች አሉት። ይበላል የሚሉ የቆዩ ጽሑፎች ታገኛላችሁ፤ አትከተሏቸው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ተክል ሦስት ነገር ጻፉ፦ የሚበላው ክፍል፣ የሚለቀምበት ጊዜ፣ አሠራሩ። ከሦስቱ አንዱን በእርግጠኝነት መጻፍ ካልቻላችሁ ተክሉ ይቆያችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትበሉም በትንሹ ይሁን።

6. ጥንድ ያስፈልገዋል?

ኪዊ ወንድና ሴት ተክል አለው። ሴቷ ብቻዋን ፍሬ አትሰጥም፤ አንድ ወንድ ግን እስከ ስምንት ለሚደርሱ ሴቶች ይበቃል። ሲ ባክቶርን የሚባለው ፍሬ ሰጪ ቁጥቋጦም እንዲሁ ነው። ቢጫው ፓሽን ፍሩት ደግሞ ዘሩ የተለየ ሌላ ተክል አጠገቡ ካላገኘ አያፈራም፤ ሐምራዊው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ይችላል። ከዘር የበቀለ ኪዊ ጾታው የሚታወቀው ሲያብብ ነው፤ እሱም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ጾታው ከታወቀ ተክል የተባዛ ችግኝ ግዙ።

7. በሦስት ጀምሩ፣ ከዚያ ትከሉ

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ሦስት ዓይነት ብቻ። አንድ ቅጠል የሚበላ፣ አንድ ፍሬ ወይም ሥር የሚሰጥ፣ አንድ ደግሞ አፈሩን የሚረዳ። ለሦስተኛው ሙቀት ባለበት ቦታ የርግብ አተርን የሚያህል አላገኘሁም። ሥሩ ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል፣ ፍሬው ይበላል፣ የተገረዘው ቅርንጫፍ ጉዝጓዝ ይሆናል።

ቦታውን ስትለኩ ችግኙን ሳይሆን ያደገውን ተክል አስቡ። መሃል ላይ ችካል ተክላችሁ በገመድ የሙሉ እድሜውን ስፋት መሬት ላይ ክብ አድርጋችሁ አስምሩ። ክቡ መንገዳችሁን ከዘጋ ቦታ ቀይሩ።

አተካከሉ ቀላል ነው፤ በማሰሮው ውስጥ በነበረበት ጥልቀት ትከሉ፣ አጠጡ፣ ግንዱን ሳትነኩ ዙሪያውን ጎዝጉዙ። አረም ይከላከላል የሚባለውን የፕላስቲክ ጨርቅ አልወደውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሥር ይጠላለፍበትና ተክሉን ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። ካርቶን ይሻላል፤ በስብሶ አፈር ይሆናል።

የላቲን ስሙንና የተተከለበትን ቀን ምልክት ላይ ጻፉ። በማርከር የተጻፈ በፀሐይ ይለቃል፣ በእርሳስ የተጻፈ ይቆያል።

ከዚያ መልቀም እስኪፈቀድላችሁ ጠብቁ። በተለይ አስፓራገስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንድም ቡቃያ አይቆረጥበትም። ያ ላባ የመሰለ ቅጠሉ ነው ሥሩን የሚመግበው። በሦስተኛው ዓመት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ብቻ ልቀሙና የቀረውን እንዲያድግ ተዉት።