ሲነሳ ጉልበት የሚያጣ ሞተር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ትንሽ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል ሞተሩ ከደከመ ለማሰብ ያለው ጊዜ በሰከንድ ነው የሚቆጠረው። ደግነቱ፣ ብዙው ችግር ጎማው መሬት ሳይለቅ ምልክት ይሰጣል። ምሳሌዬ ሴስና 172 ነው፤ ብዙ ተማሪ አብራሪ የሚጀምረው በሱ ነውና። ሌላ አውሮፕላን ከሆነ የምታበሩት፣ ቁጥሩን ከራሱ መመሪያ ውሰዱ።

ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት ዙሩ አልሞላም

172ኤስ (የሴስና 172 አንዱ ሞዴል) ቆሞ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በደቂቃ ከ2300 እስከ 2400 ዙር መድረስ አለበት። ካልደረሰ ወይም ከተንተፋተፈ ጋዙን መልሱና ፍሬን ያዙ። «ሲሞቅ ይስተካከላል» ብላችሁ እንዳትነሱ፣ አደራ። ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ካንዴላ ወይም የደከመ ማግኔቶ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ) ነው። በ1800 ዙር ማግኔቶዎቹን ተራ በተራ ሞክሩ። ዙሩ ከ150 በላይ ከወረደ ወይም የሁለቱ ልዩነት ከ50 ካለፈ ጉዳዩ የመካኒክ ነው።

ሜዳው ከፍታ ላይ ነው፣ ሞተሩ ይታፈናል

ይሄ የኛ አገር ጉዳይ ነው። ቦሌ ከባህር ወለል በላይ 2300 ሜትር ግድም ነው። አየሩ ስስ ነው። ነዳጁ ግን ዝቅ ባለ ቦታ በሚገባበት መጠን ከገባ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። የሴስና መመሪያ ከ3000 ጫማ (900 ሜትር ገደማ) በላይ ከሆናችሁ ነዳጁን ቀንሱ ይላል። አውሮፕላኑ እንደቆመ ሙሉ ጋዝ ስጡ። ቀዩን የሚክስቸር (የነዳጅና የአየር ድብልቅ) ማንሻ ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ዙሩ ይጨምር ይጨምርና መውረድ ይጀምራል። ከፍ ያለበት ቦታ ላይ መልሳችሁ ተዉት። ይህም ሆኖ ሞተሩ ቆላ ላይ ያለውን ጉልበት አያገኝም፤ ጭነት ቀንሱ፣ ፀሐይ ሳይከር በጠዋት ተነሱ።

ዙሩ ቀስ በቀስ ይወርዳል

ካርቡራቶር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላቸው አሮጌ ሞተሮች ውስጥ በረዶ ይሠራል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ውጭው 20 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ይሠራል። ከመነሳታችሁ በፊት የካርቡራቶር ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ በረዶው ሲጠራ ዝጉት። ሞቃት አየር ራሱ ጉልበት ስለሚቀንስ ክፍት አድርጋችሁ አትነሱ።

ጥሩ ተነስቶ ድንገት ጸጥ አለ

ነዳጅ ነው መጀመሪያ የሚጠረጠረው። የነዳጅ ታንክ መራጩ ማንሻ የተዘጋ ወይም ባዶ ታንክ ላይ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ውሃ ገብቷል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ 172ኤስ ላይ 13 ማፍሰሻ ያለውም ለዚህ ነው። ከያንዳንዱ ትንሽ በብርጭቆ ቅዱና ወደ ብርሃን አንሱት። 100 ኤልኤል የሚባለው ነዳጅ ሰማያዊ ነው። ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ጥርት ያለ ነገር ካያችሁ ውሃ ነው። እስኪጠፋ ድረስ አፍስሱ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ብርጭቆው በሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ሁሉም ውሃ ሊሆን ይችላልና ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱት።

ከሁሉ የከፋው የጄት ነዳጅ መሞላቱ ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ አብራሪ ቦብ ሁቨር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሳንዲያጎ ውስጥ ይህ ደርሶበታል። ቱቦ ውስጥ የቀረው ትክክለኛ ነዳጅ እስኪያልቅ ሁለቱም ሞተሮች ሠሩ፣ 300 ጫማ ግድም ላይ ጠፉ። እንደምንም አሳርፎ ሁሉም ተረፉ። ነዳጅ የሞላውን ልጅ አልሰደበውም፤ በማግስቱ ሌላውን አውሮፕላኔን አንተው ሙላልኝ አለው። በኋላም የጄት ነዳጅ አፍንጫ ሰፊና ጠፍጣፋ እንዲሆን፣ ወደ ትንሽ አውሮፕላን ጠባብ የታንክ አፍ እንዳይገባ ተደረገ። እናንተም ሲሞላ ቁሙና እዩ። ከተጠራጠራችሁ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ፤ የጄት ነዳጅ የቅባት ምልክት ይተዋል።

አየር ላይ ከሆናችሁ

አፍንጫውን ወዲያው ዝቅ አድርጉ። 172ኤስ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ 70 ኖት ፍጥነት ይፈልጋል። ወደ ሜዳው ልዙር አትበሉ፤ ዝቅ ብሎ መዞር ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ማቃቱን) ያመጣል። ከፊታችሁ ካለው ቦታ ትንሽ ግራ ወይም ቀኝ ብቻ ምረጡ። ጊዜ ካለ ነዳጅና ማግኔቶ ዝጉ፣ በሩንም መሬት ሳትነኩ ከፈት አድርጉት፤ አካሉ ከተጣመመ በኋላ ላይከፈት ይችላል።