ሐረጉን ሳይለዩ ስም ማውጣት፦ ከድሬ እስከ ሐረር የምንሸወድባቸው ነገሮች

ከድሬዳዋ በደንገጎ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ዳር ዳሩን ሐረግ አያጣም። ስም ለማውጣት ግን እንቸኩላለን።

የመጀመሪያው ስህተት የተሸካሚውን ዛፍ ቅጠል የሐረጉ ነው ብሎ መያዝ ነው። ላይ ስለሚጠላለፉ ማንም ይሸወዳል። አንዱን ቀንበጥ ከሥሩ እስከ ጫፉ በዓይን መከተል ያዋጣል።

ለእኔ ትልቁ ስህተት ሐረጉ ዛፍ ላይ እንዴት እንደሚወጣ አለማየት ነው። አዞ ሐረግ በቅጠሉ ዘንግ ነው የሚይዘው፤ ዘንጉ ራሱ ቅርንጫፍ ላይ ይጠመጠማል። ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይበቅላሉ። ሐረግ ሬሳ የዱባ ዘመድ ስለሆነ እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ክር ያወጣል። ጠምበለል ክር የለውም፤ ግንዱ ነው የሚጠመጠመው። ይህን ካዩ አበባ ባይኖርም ግማሹ ሥራ አለቀ።

ወፍራም አረንጓዴ ግንድ ያለውን ሁሉ ቁልቋል ማለትም አለ። ቆላው ላይ ግንዱ አራት ጠርዝ ያለው፣ አንጓ አንጓ ሆኖ የተቀጣጠለ ሐረግ ታገኛላችሁ። በሳይንሳዊ ስሙ ሲሰስ ኳድራንጉላሪስ ይባላል፤ የወይን ዘመድ ነው። በበጋ ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን ሲቀር ቁልቋል ይመስላል። አንጓውን ጠጋ ብላችሁ እዩ፦ መያዣ ክሩ እዚያ አለ። ቁልቋል ክር የለውም። ሌላም ቅጠል አልባ ሐረግ አለ፤ የእሱ ግንድ ድብልብል ነው፣ ሲሰበርም ነጭ ወተት ያፈሳል።

ታዲያ ወተቱን ለማየት ሰብሮ በዚያው እጅ ዓይን ማሸት ደግ አይደለም። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል። የአዞ ሐረግ ጭማቂም ቆዳ ያቆስላል። ጫፉ ጥቁር የሆነ አንጸባራቂ ቀይ ፍሬ የሚያፈራውን ሐረግማ ጭራሽ ለልጅ እንዳትሰጡ፤ ፍሬው ከታኘከ ይገድላል።

የድሬዳዋውን የከዚራ ሰፈር አጥር ያለበሰው ቡገንቪሊያ? ያምራል፣ ግን የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። የአገር በቀል ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ከፍታን መርሳትም ያሳስታል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር ትበልጣለች። በአንድ መንገድ ላይ ቆላውም ደጋ ቀመሱም አለ። ስለ ከፋና ሸካ ጥቅጥቅ ደን ሐረጎች አንብቦ እነሱኑ ደንገጎ ላይ መፈለግ ደግሞ ልፋት ነው። የእነሱ ዝናብ እዚህ የለም።

ለባለሙያ ፎቶ የምትልኩ ከሆነ አንዲት ቅጠል አትበቃም። አንጓውን፣ መያዣውን፣ የቅጠሉን ጀርባ አንሱ። ለጋውንም የበሰለውንም ቅጠል ጨምሩ፤ በአንዱ ሐረግ ላይ ሁለቱ የማይመሳሰሉበት ጊዜ ብዙ ነው።