ቼክስሲስተምስ ላይ ተይዤ አካውንት እንዴት እንደከፈትኩ

አሜሪካ ውስጥ ባንክ አካውንት ሲከለክል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክሬዲት ስኮር (የብድር አከፋፈል ነጥብ) ሳይሆን ቼክስሲስተምስ፣ ማለትም የሰዎችን የባንክ አካውንት ታሪክ መዝግቦ ለባንኮች የሚያቀርብ ድርጅት ነው፤ ዕዳ ተይዞበት የተዘጋን አካውንት እስከ 5 ዓመት መዝግቦ ያቆያል። ሪፖርቴን ከድረ ገጻቸው በነጻ አወጣሁ። የድሮው ባንኬ ከፍዬ የጨረስኩትን ዕዳ እንዳልተከፈለ አድርጎ አስቀምጦታል! ደረሰኙን አያይዤ ተቃውሞ ላክሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ተስተካከለልኝ። ዕዳው እውነት ከሆነ ግን ክፈሉና ማረጋገጫውን በጽሑፍ ተቀበሉ (የስልክ ቃል ነፋስ ነው)፤ መዝገቡ ባይጠፋም «ተከፍሏል» ይላል።

እስኪጣራ ድረስ የ«ባንክ ኦን» (ርካሽና ቀላል አካውንቶችን የሚያረጋግጥ ፕሮግራም) ማረጋገጫ ያለው አካውንት ከፈትኩ። መክፈቻው ከ25 ዶላር አይበልጥም፣ የኦቨርድራፍት (ካለህ ገንዘብ በላይ ስታወጣ የሚጣል) ቅጣትም የለውም። የቼክ ደብተር ስላልሰጡኝ ለቤት ኪራይ መኒ ኦርደር (ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ የሚገዛ፣ እንደ ቼክ የሚሰጥ ወረቀት) እየገዛሁ እከፍል ነበር።