«ገባልዎት?» ሲባሉ፦ በሐዋሳ ላሉ አነስተኛ ሱቆች የስልክ ክፍያ አቀባበል መመሪያ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተከተለው ወዲህ፣ በሐዋሳ ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ ባሉ ሱቆች ጥሬ ገንዘብ ቆጥሮ የሚከፍለው ደንበኛ እየቀነሰ፣ ስልኩን አውጥቶ «በምን ልላክልዎት?» የሚለው እየበዛ መጥቷል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ይዘው ለሚሠሩና ከሱቃቸው ጎን ለጎን በቴሌግራም ለሚሸጡ ነጋዴዎች ነው። የሚያተኩረውም በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ዕቃው ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ የሱቁን ገቢ ከግል ሒሳብዎ ይለዩ። ክፍያው በባለቤቱ የግል ስልክ የሚገባ ከሆነ፣ ባለቤቱ ለቅሶ ወይም ገበያ በሄደ ቁጥር ሠራተኛው መግባት አለመግባቱን ማየት ስለማይችል፣ ደንበኛው በሚያሳየው ማያ ገጽ ላይ ለመተማመን ይገደዳል፤ አብዛኛው ኪሳራ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የንግድ ፈቃድዎን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎንና መታወቂያዎን ይዘው ክፍያ ወደሚቀበሉበት ድርጅት (ለምሳሌ ቴሌብር ወይም ባንክዎ) በመቅረብ እንደ ነጋዴ ይመዝገቡ፤ ከዚያም የገቢ መልእክቱ የሚደርስበትን ስልክ ከሱቁ አያውጡት። የሚሰጥዎትን የኪውአር ኮድ በሚታይ ቦታ ቢለጥፉም፣ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ በራስዎ ስልክ አንብበው የሚወጣው ስም የሱቅዎ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በላዩ ላይ ሌላ ኮድ ከተለጠፈበት ቀኑን ሙሉ የሚሸጡት ለሌላ ሰው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ደንበኛው የሚያሳየው ስክሪንሹትም ሆነ ደረሰኝ የክፍያ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ምስል ይስተካከላል፣ ስም ይለወጣል፣ ቁጥር ይጨመራል። ከዚህ የሚብሰው ግን ያልተነካ እውነተኛ ደረሰኝ ነው። በእኛ ሱቅ አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሰው በተጨናነቀበት ሰዓት፣ አንድ ደንበኛ ሁለት ጥንድ ጫማ ገዝቶ የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ አሳየ፤ ስሙ የእኛ፣ የገንዘቡም መጠን ትክክል ነበር። ሒሳቡን ስናስተያይ ግን ደረሰኙ በእርግጥ ለእኛ የተከፈለበት ቢሆንም፣ የተከፈለው ከሳምንት በፊት ለሌላ ግዢ እንደነበር ታወቀ። ሠራተኛዋ ቀኑን አይታው ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ ወደ እኛ ቀን መልሳ ለማስላት ጊዜ አላገኘችም።

ይህ ጥቃቅን የሚመስል ነገር ሊናቅ አይገባውም። የክፍያ መልእክቶች ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ከእኩለ ሌሊት ጀምረው በሃያ አራት ሰዓት ስለሚጽፉ፣ ከቀኑ በ8 ሰዓት የተከፈለ ገንዘብ 14:00 ተብሎ ይመጣል። ስለዚህ የዕለቱን የአውሮፓውያን ቀን በየጠዋቱ በወረቀት ጽፎ ከመክፈያው ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የማስተላለፊያ መለያ ቁጥርም በራሱ ቀን ይናገራል። «ኤፍቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አኃዞች የአውሮፓውያኑን ዓመት፣ ከዚያ የሚቀጥሉት ሦስቱ ደግሞ በዚያ ዓመት ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ። ለምሳሌ «ኤፍቲ25032» ብሎ የሚጀምር ደረሰኝ የ2025 ሠላሳ ሁለተኛ ቀን ማለትም ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈጸመ ክፍያ ነው። የደረሰኙን ቀን አስተካክሎ መለያ ቁጥሩን የረሳ አታላይ በዚህ ይያዛል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ለጥርጣሬ የሚረዳ እንጂ ለማረጋገጫ የሚበቃ አይደለም፤ ማረጋገጫው የራስዎ ሒሳብ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ስለሆነ፣ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር የደረሰዎት «ገንዘብ ተልኮልዎታል» የሚል ጽሑፍ የማንም ሰው ጽሑፍ ነው። መልእክቱ ከዘገየ ደግሞ ቀሪ ሒሳብዎን ይመልከቱ። የኢንተርኔት መቋረጥ ለዚህ ምክንያት አይሆንም፤ ለቴሌብር *127#፣ ለሲቢኢ ብር *847#፣ ለንግድ ባንክ የሞባይል ባንኪንግ *889# በመደወል ያለ ዳታ ማየት ይቻላል። ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የሚላክ ገንዘብ አንዳንዴ ከላኪው ወጥቶ በመንገድ ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ደንበኛውን ሌባ ማድረግ አይገባም፤ ዕቃውን በስሙ አስቀምጠው፣ የመለያ ቁጥሩንና ስልኩን መዝግበው፣ ሲገባ እንደሚደውሉለት ይንገሩት። ሐቀኛ ደንበኛ ይህን ይረዳል። «ቸኩያለሁ፣ ባጃጅ አቁሜ ነው» እያለ የሚያዋክብ ሰው ሲገጥምዎት ግን ከወትሮው በላይ ይዘግዩ።

«በስህተት ገንዘብ ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚል ስልክ ሲደወልም አሠራሩ ያው ነው። በመጀመሪያ ቀሪ ሒሳብዎን ይዩ፤ ምንም ካልገባ ስልኩን ይዝጉት። በእርግጥ ከገባም፣ ጠያቂው ለቴሌብር ወደ 127፣ ለንግድ ባንክ ወደ 951 ደውሎ እንዲያመለክት ይንገሩት እንጂ እሱ ወደሚሰጥዎት ሌላ ቁጥር አይላኩ። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው የድርጅቱ ሠራተኛ ነኝ ቢልም መልስ አይሰጠውም።

በቴሌግራም ሲሸጡ ደግሞ የዕቃውን ፎቶ ራስዎ ያንሱ፣ የልኩን ቁጥርና ዋጋውን ከፎቶው ሥር ይጻፉ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ለምን እንደተስፋፋ አይገባኝም፤ ገዢው ዋጋ ለመጠየቅ ተራ ከሚጠብቅ ዋጋ ወደተጻፈበት ቻናል ይሄዳል። በሐዋሳ ውስጥ፣ ለአቶቴም ሆነ ለታቦር አካባቢ፣ ዕቃው በባጃጅ ሲላክ ደንበኛው አይቶ በር ላይ ይክፈል፤ ሆኖም ባጃጁ «ከፍሏል» ስላለ ሳይሆን ሱቅ ያለው ስልክ ገቢውን ሲያሳይ ብቻ ዕቃው እንዲሰጥ አስቀድመው ከአሽከርካሪው ጋር ይስማሙ። ወደ ይርጋዓለም፣ ዲላ ወይም ሻሸመኔ በመኪና ሲልኩ በር ላይ መቀበል ስለማይቻል ክፍያው አስቀድሞ ይፈጸማል። በዚያ ፋንታ የታሸገውን ዕቃ ፎቶ፣ የመኪናውን ሰሌዳና የረዳቱን ስልክ ለገዢው ወዲያው ይላኩለት። ገዢው ጉድለት ያለበት ዕቃ ከደረሰው፣ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት በ15 ቀናት ውስጥ የግዢ ማስረጃውን አቅርቦ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ስለሚችል፣ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ማስታወቂያ ብዙም አያስጥልዎትም፤ ከመላክዎ በፊት ዕቃውን ፈትሾ ማሸጉ ይቀልላል።

ማታ ሱቅ ሲዘጉ በቀን የተሸጠውን ከገቢ ዝርዝሩ ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። ለዚህ ከአንድ ደብተር ሌላ አያስፈልግም፤ ሰዓቱ፣ ዕቃው፣ የገንዘቡ መጠንና የመለያ ቁጥሩ የመጨረሻ አራት ምልክቶች ይመዝገቡበት። አንድ የመለያ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተጻፈ አንደኛው ሽያጭ ያልተከፈለበት ነው። የሱቁ ስልክ ከጠፋም ደብተሩ እስኪሞላ ወይም ነገ እስኪነጋ ሳይጠብቁ፣ በሌላ ስልክ ደውለው ሲም ካርዱንና ሒሳቡን በዚያው ሰዓት ያሳግዱ።