አራስ ስታተኩስ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ በጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍልና በድኅረ ወሊድ ክትትል ለሚሠሩ አዋላጆች፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽና የደም ግፊት እንዴት እንደሚለካ አንባቢው ያውቃል። ስለ ቴርሞሜትር ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ባትሪው የደከመ ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ሰውነቷ የሚፋጅ አራስ ላይ 36.2 ያሳይና ወደ ቤቷ ያስመልሳታል። እጅዎ የዳሰሰውና ቁጥሩ ካልተስማሙ በሌላ ቴርሞሜትር ደግመው ይለኩ፤ ያን መሣሪያም ነገ ሌላው ባልደረባ እንዳይጠቀምበት ከመሳቢያው ያውጡት።

ትኩሳት ያላት አራስ

ምልክቱ ከወለደች ጀምሮ እስከ 42ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከ2ኛው እስከ 10ኛው ቀን፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚደርስ ትኩሳት ነው። ከዚህ ጋር ብርድ ብርድ ማለት፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ በጊዜው ያልወረደ ማህፀን ይኖራል። ሁሉም በአንድ ላይ እስኪሟሉ አይጠብቁ። አራስ አተኩሷት ከመጣች፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ችግሩ ያለው ማህፀኗ ውስጥ ነው ብለው ይጀምሩ።

ይህን ሕመም ለማከም የሚያስቸግረው መድኃኒቱ አይደለም፤ ሌላ ስም ይዞ መምጣቱ ነው። ሁለት ስሞች በተለይ ብዙ ቀን ይበላሉ፤ አንዱ ምች፣ ሁለተኛው ታይፎይድ።

ምች የሚለውን የሚያመጣው ቤተሰብ ነው። አራሷ ገንፎ ሸቷት ደጅ ወጣች፣ ፀሐይ አገኛት ይባላል። ዳማከሴ ተጨምቆ በቡና ትጠጣለች፣ ሰውነቷ ይታሻል፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ እንድታልብ ይደረጋል። በማግስቱ ጠዋት ትኩሳቱ ጋብ ይላል፤ ማህፀን ውስጥ ያለ ኢንፌክሽንም ወጣ ገባ የሚል ትኩሳት ስለሚያመጣ በራሱ ጊዜ ጋብ ያለ ሊሆን ይችላል። አማትየው “ላብ አወጣላት፣ ተሻላት” ይላሉ። ማታ ተመልሶ ያንዘፈዝፋታል። እንዲህ ሲባል ሰንብቶ በቃሬዛ የመጣች አራስ ያላየ አዋላጅ ያለ አይመስለኝም። ዳማከሴውን ማጥላላት አይጠቅምም፤ ቤተሰቡን ያስቀይምና የሚቀጥለው ታማሚ ወደኛ እንዳይመጣ ያደርጋል። የሚሠራው “እማማ፣ ዳማከሴውን ስጧት፤ ግን አራስ ካተኮሳት በዚያው ቀን ወደኛ አምጧት” ማለት ነው። ይህ ምክር ከወሊድ በኋላ ከመሸኘቷ በፊት፣ እሷ ብቻዋን ሳትሆን አራስ ቤቱን የሚመሩት ሴት ባሉበት መነገር አለበት፤ በአራስ ቤት ውሳኔው የእሳቸው ነውና።

ታይፎይድ የሚለው ስም ደግሞ የሚመጣው ከኛው ሙያ ነው፤ ለዚህ ትዕግሥቴ ያነሰ ነው። ዊዳል የተባለው ምርመራ ታይፎይድ በሚበዛበት አገር አንዴ ተሠርቶ ከፍ ማለቱ ቀደም ሲል የነበረ መጋለጥን እንጂ የዛሬውን ሕመም ላያሳይ ይችላል። አንዲት አራስ በ6ኛው ቀኗ “ታይፎይድና ታይፈስ” ተብላ ሲፕሮፍሎክሳሲን እየዋጠች ወደኛ መጣች። በያዘችው ወረቀት ላይ ዊዳል፣ ዌል ፌሊክስ (የታይፈስ ምርመራ)፣ ሰገራና ሽንት ሁሉም ተሠርተዋል፤ ሆዷን የዳሰሰ ግን አልነበረም። ማህፀኗ ገና እምብርቷ አጠገብ ነው፤ ሲነኩት ፊቷ ይለዋወጣል። በስፔኩለም (የብልት መክፈቻ መሣሪያ) ሲታይ ከስፌቱ በላይ የተረሳ ጎዝ ተገኘ፤ ሲወጣ ሽታው ክፍሉን አስለቀቀን። ስፌት ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ ጎዝ መቁጠር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ካልተቆጠረ እንዲህ ያለ ሳምንት ያስከፍላል።

ስለ ሽታ ሌላም ነገር አለ። አራስ ቤት ዕጣን፣ ከርቤና ቀበርቾ ይጨሳል፤ አራሷም ታጥናና ቅቤ ተቀብታ ስለምትመጣ ፈሳሹ አልሸተተኝም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። “ሽታ አለው ወይ?” ብሎ መጠየቅም አይበቃም፤ አብዛኞቹ አፍረው የለም ይላሉ፣ አንዳንዶቹም ወሊድ ሁሉ እንዲህ የሚሸት ይመስላቸዋል። ያደረገችውን ጨርቅ ወይም ሞዴስ እንድታሳይዎት ይጠይቋት፤ ቀለሙን፣ መጠኑንና ሽታውን ራስዎ ይዩ። በተቃራኒው ሽታ የሌለው ፈሳሽ ነፃ አያወጣትም። ከሁሉ ፈጥኖ የሚገድለው ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሽታ የሌለው፣ ጥቂት ፈሳሽ ብቻ እያሳየ በአንድ ቀን ውስጥ አራሷን ሊጥላት ይችላል።

መንስኤውን መፈለግ ከመድኃኒቱ እኩል ይጠቅማል። የተራዘመ ምጥ፣ ቀድሞ የፈሰሰ የሽርት ውሃ፣ የተደጋገመ የማህፀን በር ምርመራ፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ በእጅ የወጣ የእንግዴ ልጅ ሁሉም በር ይከፍታሉ። ሐኪሙ ኢግናዝ ዜሜልቫይስ በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አድርጎ የአራሶችን ሞት በእጅጉ ቀንሷል። ዛሬ በአንድ ጓንት ከአንዷ አልጋ ወደ ሌላዋ የሚሄድ ባለሙያ ሳይ ስለ ውሃ እጥረት የሚነገረኝን ምክንያት አልቀበልም፤ በአልኮል የሚሠራ የእጅ ማጽጃ ውሃ አይፈልግም።

በተደጋጋሚ የማገኘው መንስኤ ግን ማህፀን ውስጥ የቀረ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ነው። በወሊድ ካርዱ ላይ “የእንግዴ ልጅ፦ ሙሉ” ተብሎ ይጻፋል፤ እቃው ግን ሳይታይ ወደ ጉድጓድ ሄዷል፣ ወይም ቤተሰብ ሊቀብረው ወስዶታል። ሙሉ ነው ለማለት በጠፍጣፋ ነገር ላይ የእናት ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋል፣ ደሙ ይጠረጋል፣ ክፍልፋዮቹ ጠርዛቸው ገጥሞ መቀመጡ ይታያል። ቀጥሎ ሽፋኑ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ልጁ የወጣበት ቀዳዳ አንድ ብቻ መሆኑና ወደ ሽፋኑ ሄዶ ባዶ ላይ የሚቆም የደም ሥር አለመኖሩ ይፈተሻል። እንዲህ ያለ የደም ሥር ከተገኘ ለብቻው የበቀለ ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። አንዲት ቤቷ የወለደች፣ እትብቱ ተጎትቶ የእንግዴ ልጁ የወጣላት እናት፣ በሌላ ተቋም ለቀናት መርፌ ስትወጋ ቆይታ ትኩሳቱ እየሄደ እየተመለሰ መጣች። የተሰጣት መድኃኒት ትክክል ነበር፤ የአውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ ግን ውስጥ ነበር። እሱ ሲወጣ ትኩሳቱ አልተመለሰም።

መፍትሄው በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የደም ሥር ይከፈትና ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን ይጀመራል። ለፔኒሲሊን የሚቆጣ ሰውነት እንዳላት ይጠየቃል። አምፒሲሊን 2 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲን በኪሎ ግራም 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በየ8 ሰዓቱ፣ ሦስቱም በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ክሊንዳማይሲን በሚገኝበት የዓለም ጤና ድርጅት የሚያስቀድመው እሱን ከጄንታማይሲን ጋር ነው። ትኩሳቱ ከጠፋ በኋላ 48 ሰዓት እስኪሞላ ይቀጥላል። ቁራጭ ከቀረ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ እንዲወጣ ይደረጋል፤ የታመመ ማህፀን ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይበሳል፣ ስለዚህ ልምድ የሌለው እጅ አይሞክረው። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ አስገዝቶ ወደ ቤት መስደድ ሕክምና አይደለም። ፓራሲታሞል ሰጥቶ “ወረደላት” ማለትም እንዲሁ።

በትክክል እየታከመች በ72 ሰዓት ካልተሻላት መድኃኒት በመድኃኒት ላይ መጨመር ይቁም። የቀረ ቁራጭ፣ በዳሌ ውስጥ የተቋጠረ መግል፣ የቁስል ኢንፌክሽን ወይም በዳሌ የደም ሥር የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል አልትራሳውንድና ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ትሂድ።

የልብ ምቷ በደቂቃ ከ110 በላይ፣ ትንፋሿ ከ24 በላይ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ፣ ወይም ንግግሯ ከተዘበራረቀ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ገብቷል ብለው ይወስኑና የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥተው ሪፈር ያድርጉ። ሙቀቷ ከ36 በታች መውረዱም እንደ ትኩሳት ይታይ፤ “ቀዝቅዛለች፣ ተሽሏታል” የተባለች አራስ ከሁሉ ይልቅ ታስፈራኛለች።

ማህፀኗ ደህና ሆኖ የሚያተኩሳት

ጡት በ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ሁለቱም ወጥረው ለአጭር ጊዜ ቢያተኩስ ወተት መሙላቱ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃል። አንዱ ጡት ብቻ በአንድ በኩል ቀልቶ፣ ጠንክሮና አሟት ካተኮሳት የጡት ኢንፌክሽን ነው፤ ክሎክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ለ10 ቀን ይሰጣል፣ ማጥባቱም በዚያው ጡት ይቀጥላል። “የታመመ ወተት ልጁን ይጎዳል” እየተባለ ጡቱ እንዲዘጋ ማድረግ መግል የሚያቋጥርበት አጭሩ መንገድ ነው። ሲዳሰስ ውሃ እንደያዘ የሚናወጥ እብጠት ካለ ግን መግሉ መውጣት አለበት፤ ክኒን ብቻውን አይነካውም።

በጎን በኩል ሕመምና ሽንት ማቃጠል ካለ ኩላሊት ይታሰባል። ቆላ ከሆነ የወባ ምርመራ በዕለቱ ይሠራ፤ ወባ መገኘቱ ግን ማህፀኑን ከመመርመር አያድንም፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ላይ ይገኛሉ። የቀዶ ሕክምና ቁስል ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ካዠ መግሉን ለማስወጣት ስፌቱ ይፈታል፤ በላዩ ላይ ቅባትና ዱቄት መደረብ መግሉን ውስጥ ማሸግ ነው። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከጠቆረ ወይም ሲጫኑት እንደ አየር ከተንኮሻኮሸ በዚያው ሰዓት ወደ ቀዶ ሐኪም ትላክ።

ደም

ከወለደች በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብዙ ሲፈስ በቅድሚያ ማህፀኑን ይዳስሱ። ለስላሳ ከሆነ ይሹት፣ ፊኛዋን ባዶ ያድርጉ፣ ማህፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት ይስጡ፤ ጠንካራ ሆኖም የሚፈስ ከሆነ የተቀደደ ነገር ይፈልጉ። ደም እንዲረጋ የሚረዳው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር የሚጠቅመው ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ ነው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል፤ መብራት ጠፍቶ የሰነበተበት ፍሪጅ ውስጥ የነበረ፣ ወይም ሙሉ ቀን በማዋለጃ ጠረጴዛ ላይ የዋለ አምፑል እየወጉ “ኦክሲቶሲን አልሠራላትም” ማለት ያሳፍራል። በመድኃኒቱ ካልተማመኑ ሚሶፕሮስቶል 800 ማይክሮ ግራም ከምላስ ሥር ይሰጣል።

ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በተለይ በሁለተኛው ሳምንት፣ ተመልሶ የመጣ ደም ከቀረ ቁራጭ ወይም ከኢንፌክሽን ጋር ነው የሚመጣው፤ ከላይ ስለ ትኩሳት የተባለው ሁሉ ትኩሳት ባይኖርም ይሠራል።

ራስ ምታትና መንቀጥቀጥ

ከወሊድ በኋላ የሚጸና ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ከደረት በታች ሕመም ካለ ግፊቷ ይለካ፤ በእርግዝናዋ ጤነኛ የነበረችም ሴት ግፊት ከወለደች በኋላ ሊነሣባት ይችላል። መንቀጥቀጥ ከጀመረች እንደ መንፈስ ተቆጥሮ ወደ ጠበል የሚወስዷት አሉ። ጠበሉ መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ማግኒዥየም ከተሰጣት በኋላም ይደርሳል። የመጀመሪያው መጠን 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት በ20 በመቶ ቀስ ብሎ በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ በ50 በመቶ 5፣ 5 ግራም በሁለቱ መቀመጫዎች ነው። ከሚቀጥለው መጠን በፊት ትንፋሿ በደቂቃ 16ና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ የጉልበቷ ምላሽ መኖሩና ሽንቷ ይታያል፤ የማግኒዥየም ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔት በአጠገብዎ ይኑር። የላይኛው ግፊት 160 ወይም የታችኛው 110 ከደረሰ የግፊት መድኃኒት ወዲያው ይጀመር። ግፊት ላለባት ሴት ኤርጎሜትሪን አይሰጥም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመማት የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል እሽታ ክልክል ነው። ሽንት ሳታውቀው የሚፈሳት ከሆነ ካቴተር ይግባላት፤ አዲስና ትንሽ ፊስቱላ (በፊኛና በብልት መካከል የተፈጠረ ቀዳዳ) ለሳምንታት ፊኛው ባዶ ሆኖ ሲቆይ ሊደፈን ይችላል፣ ካልሆነ አዲስ አበባ ያለው ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታልና ቅርንጫፎቹ አሉ። እንቅልፍ ለቀናት ያጣች፣ የሌለ ድምፅ የምትሰማ ወይም ልጁን የምትፈራው አራስ ብቻዋን አትተው፣ በዕለቱ ትታከም። መንጋጋዋ የተያያዘ ከሆነ ቴታነስ ይታሰብ።

ክትትልና ሪፈር

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንደሚያሳየው ከወለዱ በ2 ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት እናቶች 34 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኢንፌክሽኑ የሚነሣው ደግሞ እናትየዋ ቤቷ ገብታ ከተኛች በኋላ ነው፤ ስለዚህ በ3ኛው ቀን የሚደረገውን ጉብኝት ለልጁ ክብደት ብቻ አይጠቀሙበት፤ የእናትየዋ ሆድ ይዳሰስ፣ ጨርቁም ይታይ።

ሪፈር ሲያደርጉ መድኃኒቱ ተጀምሮ፣ ካኑላው በክንዷ ላይ ሆኖ ይላኳት፤ ሆስፒታል ደርሳ ይጀመርላታል ማለት መንገዱን ሁሉ ያለ ሕክምና መጓዝ ነው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የወለደችበት ቀንና ሰዓት፣ የእንግዴ ልጁ በምን መንገድ እንደወጣና ማን እንዳየው፣ የመጨረሻው ልኬት፣ የተሰጠው መድኃኒት ስም፣ መጠንና ሰዓት በሚነበብ ጽሕፈት ይጻፍ። “ትኩሳት ስላላት ተልካለች” የሚል አንድ መስመር ተቀባዩን ሐኪም ከዜሮ ያስጀምረዋል፤ ጄንታማይሲኑንም በዚያው ቀን ሁለተኛ ጊዜ እንድትወጋ ያደርጋታል።