የሐዋሳ አርክቴክቶች ማህበር እንዲሠራ ከፈለጋችሁ

ማህበር ሲባል ሁሉም ወደ ማህተምና ሊቀመንበር ይሮጣል። እኔ የምመክረው ከተማዋን አብሮ በእግር ማየት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከገብርኤል አደባባይ ተነሱና ሐይቁ ዳር እስካለው ፍቅር ሐይቅ ውረዱ። ተማሪዎችንና ግንበኞችንም ጥሩ። ባጃጅ አትያዙ፤ ከባጃጅ ውስጥ ሆኖ ሕንፃ ያየ ሰው አላውቅም።

መንገድ ላይ ምድር ቤቱን ልብ በሉ። ለሱቅ ተብሎ ክፍት ሆኖ በኮለን (በምሰሶ) ብቻ የቆመ፣ ከላይ ግን በብሎኬት የተሞላ ሕንፃ ብዙ ነው። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። መሬት ሲንቀጠቀጥ ያ ክፍት ወለል ቀድሞ ይጎዳል። ለባለቤቱ ግን «ሕንፃህ ይወድቃል» አትበሉት፤ ያባርራችኋል። የት ጋ ቢጠናከር እንደሚሻል ከስትራክቸር መሐንዲስ ጋር ሆናችሁ በአንድ ወረቀት ሣሉለት። ከአሥር ስብሰባ እንዲህ ያለ አንድ ወረቀት ይሻለኛል።

ማዘጋጃ ቤት ስትሄዱ አንድ ጉዳይ ብቻ ያዙ። ለምሳሌ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ተዳፋቱ በ1 ለ 12 ሲሰላ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ይፈልጋል። ሜትር ያዙ፤ ዊልቸር የሚጠቀም ሰውም አብሯችሁ ይግባ።

መዋጮው ትንሽ ይሁን። ገንዘብ ያዥ ግን አርክቴክት ባይሆን ደስ ይለኛል!

የዲዛይን ውድድር ስታዘጋጁ መሥሪያው ቀርከሃ ይሁን። ከዳኞቹ አንዱ በቀርከሃ የሲዳማ ቤት የሚሠሩ አባት ይሁኑ፤ አበላቸውንም አትርሱ።